ከፍታው ነው

ሚሊ የመኪናዋን ድምፅ ገና ከመታጠፊያው ለየው። ሰማያዊ፣ አሮጌ፣ አራት በር ያላት መኪና ናት። ሞተሯን ብሎን በብሎን ፈትቶ የገጠመው እሱ ስለሆነ ዓይኑን ጨፍኖም ከመቶ መኪና መካከል ያውቃታል። እጁን በጨርቅ ጠርጎ ፈገግ እያለ ወደ ጋራዡ በር ሄደ። ሦስት ሳምንት አላያትም ነበር።

መኪናዋ ገብታ ቆመች። ሴትዮዋ ቁልፉን ወዲያው አዞረች፤ ሞተሩ ቀጥ አለ።

የሚሊ ፈገግታ ፊቱ ላይ ደረቀ።

ሕጉ ሁለት ደቂቃ ነበር። ቱርቦ የተገጠመለት ሞተር ከመንገድ እንደገባ አይጠፋም። ቱርቦው በጭስ ኃይል ሲሽከረከር ቆይቶ እንደ ፍም ግሏል፤ ዘይቱ እየዞረ እንዲያበርደው ቢያንስ ሁለት ደቂቃ ባለበት ይሠራል። ይህን ያስተማራት እሱ ነው። እሷ ደግሞ ሕጉን የራሷ አደረገችው። መስኮቱን ዝቅ ታደርጋለች፣ ክርኗን ታስደግፋለች፣ እሱ በሩ አጠገብ ይቆማል፣ ሞተሩ እየተንተከተከ ሁለት ደቂቃ ያወራሉ። በጋራዡ ውስጥ ማንም ሊጠራው የማይችልበት ብቸኛ ጊዜ ነበር፤ ሥራ ላይ ነዋ! የቦዲ ሠራተኛው ላሜራ ከማዶ ሆኖ፣ "ዛሬ ሁለት ደቂቃዋ ሩብ ሰዓት ሆነች! ያልበረደው ቱርቦው ነው አንተ?" እያለ ይስቅባቸው ነበር።

ዛሬም ላሜራ መዶሻውን ከፍ አድርጎ፣ "ሲስተር! ኧረ ጠፋሽ! ሰውዬው እኮ ብሎን እንደጠፋበት ሰው መሬት መሬቱን ሲያይ ከረመ!" አላት።

ሴትዮዋ፣ የተራራው ሆስፒታል አዋላጅ፣ አልሳቀችም። ከመኪናዋ ወርዳ በሩን ዘጋችና ሚሊን ሳይሆን ኮፋኖውን አየች።

"ማስተንፈሻውን ክፈትልኝ" አለች።

"ምን ሆነሽ ነው? ቤት ሳትገቢ ነው እንዴ የመጣሽው?"

"ማስተንፈሻውን።"

ማስተንፈሻው በቱርቦው ጎን የተገጠመ፣ ጡጫ የሚያህል የብረት ቆብ ነው። ቱርቦው ምን ያህል አየር ወደ ሞተሩ እንደሚገፋ የሚወስነው በውስጡ ያለው ሞላ ነው። ጠንካራ ሞላ ብዙ ግፊት ይፈቅዳል፤ ደካማው ቶሎ ተሸንፎ ትርፉን ያስተነፍሳል። ሞላዎቹ በቀለም ይለያያሉ። በመኪናዋ የሥራ ካርድ ላይ፣ በሚሊ ጥንቁቅ እጅ ጽሕፈት፣ "ቀይ" የሚል ተጽፏል።

"አሁን አይከፈትም" አላት። "በጣም ግሏል። ሳትጠብቂ ስላጠፋሻት ደግሞ . . . አርባ ደቂቃ ይፈልጋል።"

"እጠብቃለሁ።" ቁልፉን የሥራ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። "ከተማ ከመግባቴ በፊት በሜዳው መንገድ ላይ ሞከርኳት። ሰው የለ፣ መኪና የለ፣ መንገዱ እንደ ክር የቀና ነው። እስከ ወለሉ ረገጥኳት። የግፊት መለኪያዋ መርፌ ሦስት ላይ ቆመች።"

አሁን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችው። ያ የሚያውቀው ዓይን ነው፤ ግን እሱን የሚያውቀው አይመስልም።

"እዚህ ምን ከፍታ አለ?" አለችው።

*

የተዋወቁት በካርድ ነበር ማለት ይቻላል።

ከሦስት ወር በፊት፣ ለዘጠኝ ሳምንት ሥልጠና ከተራራው ሆስፒታል ወደ ከተማ ወርዳ ሳለ፣ መኪናዋን ወደዚህ ጋራዥ አመጣች። "ዳገት ስትወጣ እንደ አስም በሽተኛ ነው የሚያደርጋት። ቱርቦ ግጠሙላት" አለች፤ ጎማ ቀይሩልኝ የምትል ያህል ቀለል አድርጋ።

"አይሆንም" አላት ሚሊ። ስሙን ያወጡለት ሚሊ ሜትር ሳይለካ ብሎን ስለማያጠብቅ ነው፤ ላሜራማ ሻዩንም ለክቶ ነው የሚጠጣው እያለ ያማዋል።

"ለምን አይሆንም?"

"ይህ ሞተር የተሠራው በራሱ እንዲተነፍስ ነው። አየር በግድ ሲነፋበት ለጥቂት ቀን ይችለዋል፤ ጨዋ ስለሆነ። አንድ ቀን ግን ፒስተኑ ይሰበራል። ያውም ዳገት ላይ።"

"አንተ ብትሠራውስ?"

ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ ዘረዘረላት። ፒስተኖቹ ይወጣሉ፤ የአየሩ እመቃ እንዲቀንስ አናታቸው ጎድጎድ ያሉ ይገባሉ። ብዙ አየር ብዙ ቤንዚን ይፈልጋል፤ ስለዚህ ቤንዚን የሚረጩት ኢንጀክተሮችም ፓምፑም ያድጋሉ። የተጨመቀ አየር ይሞቃል፤ ማቀዝቀዣ ከፊት ይገጠማል። ቱርቦው የራሱ የዘይት መስመር ይወጣለታል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ኮምፒውተሩ ላይ የቤንዚኑን መጠንና እሳቱ የሚጫርበትን ቅጽበት እየነዱ ማስተካከል አለ፤ በጠቅላላው ሰባት ሳምንት።

"ማዶ ያለው ጋራዥ በሦስት ቀን እንጨርሳለን ብሎኛል።"

"መግጠሙማ በሦስት ቀን ይገጠማል። እኔ የምለው ደህና ሆነሽ እንድትመለሺ ነው።"

መኪናዋ ደህና ሆና ብሎ ሊናገር ነበር። ጆሮው ድረስ ቀላ። እሷ ግን አልሳቀችበትም፤ ቁልፉን እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

በማግስቱ ስትመጣ እሱ ከመኪና ሥር ነበር። ከመሪው ላይ በተንጠለጠለው የሥራ ካርድ ግርጌ፣ "አስተያየት" በሚለው ቦታ ላይ ጽፋ ሄደች።

"ለምን ሰባት ሳምንት?"

እሱም ከሥሩ መለሰ። "ፒስተኖቹ እስኪመጡ አራት። ሲሊንደሩ ተፍቆ እስኪለካ አንድ። ለመግጠም አንድ። ለመጠራጠር አንድ።"

"የመጠራጠሪያውን ሳምንት ወደድኩት" አለ ቀጣዩ መስመር።

ካርዱ ሞላ፤ ሁለተኛ ካርድ ተሰፋበት። በአራተኛው ሳምንት እንዲህ ጻፈች፦ "ትናንት ስትለካ አየሁህ። ትንፋሽህን ይዘህ ነው የምትለካው። እኔም የሕፃን ልብ በእናቱ ሆድ ላይ ሳዳምጥ እንደዚያ ነኝ።" እሱም፣ "ሰው እያየኝ መለካት አልችልም። እጄ ይንቀጠቀጣል" ብሎ መለሰ። "ታዲያ ከእንግዲህ ልትለካ ነው ወይስ ልታየኝ?" የሚል መጣለት። ሁለት ቀን ሙሉ እስክሪብቶ ይዞ ሲቆም ላሜራ አይቶታል። በሦስተኛው ቀን አንድ ቃል ብቻ ጻፈ፤ "ልይሽ።"

በስምንተኛው ሳምንት መኪናዋ መንገድ ወጣች። እሷ እየነዳች፣ እሱ ከጎኗ ኮምፒውተሩን ጉልበቱ ላይ ይዞ፣ ቱርቦው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጭን ፉጨቱን ሲያሰማ እንደ ሕፃን ሳቀች። ዳሽቦርዱ ላይ የገጠመላት ትንሿ የግፊት ጌጅ ከዜሮ ተነሥታ ስድስት ላይ ወጣችና እዚያው ረጋች። ሚሊ ቁጥሮቹን ደጋግሞ አያቸው። ቤንዚኑ ልክ ነው። እሳቱ ልክ ነው። ሙቀቱ ልክ ነው።

"ከሸለቆው እስከ ሆስፒታሉ ያለው ዳገት፣ ያ ሃያ ስድስት ኪሎ ሜትሩ፣ በዚህ በአርባ አንድ ደቂቃ ያልቃል" አላት።

"አርባ አንድ" አለች፣ እንደ ስጦታ ተቀብላ። "አርባ ወይም አርባ አምስት አትልም። አርባ አንድ። ይህን ነው የምወድብህ ሚሊዬ። ሰው ሁሉ ደስ እንዲለኝ ነው የሚነግረኝ፤ አንተ ልኩን ትነግረኛለህ።"

*

ችግሩ አባቷ ነበሩ። ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው፤ ሚስታቸው ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኗል፤ ከዚህች ልጅ በቀር ማንም የላቸውም። ሚሊ አንድ ጊዜ ቁልፍ ሊቀበል ቤታቸው ሄዶ ከግቢው በር ውጪ ነው ያነጋገሩት። ቁልፉን በሁለት ጣታቸው ጫፍ አንጠልጥለው፣ እጁን እንዳይነካ አድርገው ጣሉለት። ለልጃቸውም፣ "መኪናሽን ይሥራልሽ። በዚያው ይብቃ" አሏት። ጋራዡ ውስጥ ይህ ሲወራ ላሜራ "ክቡርነታቸው" የሚል ስም አወጣላቸው።

ወደ ተራራው ልትመለስ አንድ ቀን ሲቀራት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ መኪናዋ ለመጨረሻ ፍተሻ ጋራዡ ውስጥ ቆማ፣ ሠራተኛው ሁሉ እጁን ሲታጠብ፣ ክቡርነታቸው በእግራቸው መጡ። ኮፍያቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘዋል።

"ስንት ላይ ነው የሚቆመው ይሄ ነገር?" አሉ ጌጇን በመስኮቱ እያሳዩ።

"ስድስት ላይ ነው፣ ጌታዬ።"

"ዝቅ ይላል?"

"ዝቅማ ይላል። ግን ምክንያት የለውም፤ ሞተሩ ይችለዋል። ለክቼዋለሁ።"

"ስለ ሞተሩ አልጠየቅኩህም።" ሽማግሌው ድምፃቸው ሰለለ። "ጠዋት መኪናዋን እያስፏጨች ከግቢ ስትወጣ ሰማኋት። እስክትመለስ ድረስ ቁጭ ማለት አልቻልኩም። ያንን መንገድ አውቀዋለሁ፤ ገደሉን አውቀዋለሁ። እሷ ብቻ ናት የቀረችኝ። ብነግራት፣ አባዬ አንተ ደግሞ ብላ ትስቅብኛለች። አንተ ግን ትሰማኛለህ።"

ሚሊ በእጁ የያዘውን ጨርቅ አጣጠፈ።

"እንዳትነግራት። በራሷ ትለምደዋለች።" እጃቸውን አነሡና በግሪስ የጠቆረው ትከሻው ላይ አሳረፉት። "አደራህን፣ ልጄ።"

ሚሊ አባቱን ያጣው በስምንት ዓመቱ ነው። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቃል የጠራው ወንድ አልነበረም። የእጃቸው ክብደት ከትከሻው ላይ ከተነሣም በኋላ እዚያው የቀረ መሰለው። በሩ ተከፈተ ብሎ አሰበ፤ ያ የግቢ በር። ሽማግሌው ሲሄዱ ቀዩን ሞላ አውጥቶ ደካማውን ነጭ አስገባ። አሥር ደቂቃ አልፈጀበትም። ለአንድ ወር ብቻ ነው፣ መንገዱን እስክትለምደው፣ ከዚያ እመልሰዋለሁ አለ ለራሱ። ካርዱ ላይ "ቀይ" የሚለው ሳይነካ ቀረ። በሕይወቱ በካርድ ላይ ሐሰት ሲተው ይህ የመጀመሪያው ነበር።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ከተራራው ደወለች።

"ሚሊዬ፣ ደርሻለሁ። ግን መርፌዋ ሦስት ላይ ቆማ ቀረች። ምን ሆና ነው?"

ስልኩን ይዞ ግድግዳውን አየ። እውነቱ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር፤ የሽማግሌው እጅ ደግሞ ትከሻው ላይ።

"ከፍታው ነው" አላት። "እዚያ አየሩ ስስ ነው። ጌጁ ዝቅ አድርጎ ያሳያል እንጂ ጉልበቷ ያው ነው።"

"እሺ" አለች።

በቃ። አልጠየቀችም፣ አልተከራከረችም። አንድ "እሺ" ብቻ። ሚሊ ስልኩን ሲዘጋ፣ እንደዚያ ቶሎ ያመነው ሰው በሕይወቱ እንዳልነበረ ተሰማው፤ ደስ ግን አላለውም።

*

አሁን አርባውን ደቂቃ እየጠበቁ ነው። እሷ የሥራ ጠረጴዛው አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። ላሜራ ነገሩ ሳይገባው አልቀረም፤ መዶሻውን ቀስ አድርጎ አስቀምጦ፣ "እኔ እስቲ ሻይ ልጠጣ" ብሎ ወጣ። ጋራዡ ዝም ሲል የሚበርደው ብረት ጠቅ፣ ጠቅ ሲል ይሰማ ነበር።

"ማክሰኞ ወደ ሸለቆው ወረድኩ" አለች ሳታየው። "ጤና ኬላው ውስጥ አንዲት እናት ደም እየፈሰሳት አገኘኋት። የመጀመሪያ ልጇ ነው። የሕፃኑን ልብ አዳመጥኩ። ደክሟል፤ ግን ይመታል። አምቡላንሱ በሌላ በኩል ሄዷል። ሆስፒታል ደወልኩ። ሐኪሙ፣ ስንት ደቂቃ ይፈጅብሻል አለኝ። ምን አልኩት መሰለህ?"

ሚሊ መልሱን ያውቀዋል። አልመለሰም።

"አርባ አንድ አልኩት። ያንተን ቁጥር። በአርባ አንድ ካመጣሻት እደርስላቸዋለሁ፣ ክፍሉን አዘጋጃለሁ አለኝ። የአንድ ማዕድን ድርጅት ትልቅ መኪና በር ላይ ቆሞ ነበር። ሹፌሩ፣ ሲስተር በኔ እንውሰዳት ብሎ በሩን ከፈተ። የኔ ትፈጥናለች አልኩት። በኩራት ነው ያልኩት። ዝጋው፣ የኔ ትፈጥናለች።"

"እባክሽ . . ."

"አልጨረስኩም። ከኋላ ተኝታ፣ ሲስተር ደረስን ትለኛለች። ደረስን፣ ደረስን እላታለሁ። መርፌዋን አያለሁ፤ ሦስት። እግሬ ወለሉን ነክቷል፤ ሦስት። እና ታውቃለህ፣ አልተናደድኩም። ከፍታው ነው እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ሚሊ ነግሮኛል፣ ጉልበቷ ያው ነው፣ ከፍታው ነው። ዳገቱን ሙሉ እንደ ጸሎት ደጋገምኩት።"

እጆቿን ጉልበቷ ላይ ገለበጠቻቸው።

"በሃምሳ ሦስት ደቂቃ ደረስኩ። ሕፃኑን ሲያወጡት ገና ይሞቅ ነበር። እኔ ነኝ የተቀበልኩት። ጆሮዬን ደረቱ ላይ አደረግኩ፤ ትንፋሼን ይዤ። ለረጅም ጊዜ ትንፋሼን ይዤ።"

ጠቅ፣ ጠቅ አለ ብረቱ።

"እናቲቱስ?" አለ ሚሊ፤ ድምፁ ከሌላ ሰው የመጣ ይመስል ነበር።

"ተርፋለች። እጄን ይዛ አመሰገነችኝ። አደረስሽኝ አለችኝ።" ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ተሰበረ። "አደረስሽኝ አለችኝ እኮ!"

ሊነካት እጁን ዘረጋ። ወደ ኋላ አላለችም፤ ዝም ብላ እጁን አየችው፣ የማታውቀው ዕቃ እንደሆነ። እጁን መለሰ።

"በርዷል አሁን" አለች።

ተነሣ። ሦስቱን ብሎኖች በየተራ ፈታ። እጁ እንዳይንቀጠቀጥ ትንፋሹን ያዘ፤ ያዘና ወዲያው ለቀቀው፣ የነገረችው ስለታወሰው። ቆቡን አነሣ። ነጩ ሞላ ብርሃን ላይ ወጣ፤ ንጹሕ፣ ትንሽ፣ ምንም ያላጠፋ ነገር ይመስል።

አዋላጇ የሥራ ካርዱን ከግድግዳው ላይ አውርዳ ከሞላው ጎን ያዘችው። አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች።

"አንድ ነገር ንገረኝ" አለች ቀስ ብላ፤ በድምፅዋ ውስጥ ልመና ነበረበት። "ሞተሩ አይችልም ብለህ ከሆነ ንገረኝ። ስድስት ላይ ብትሆን ኖሮ ዳገቱ መካከል ፒስተኑ ይሰበር ነበር በለኝ። እንደዚያ ከሆነ ገደል ከመግባት ነው ያዳንከን። እንደዚያ ከሆነ ይገባኛል።"

የማምለጫው ቀዳዳ ያ ነበር። አንድ ቃል ብቻ ይበቃው ነበር፤ አዎ ማለት። ታምነዋለች፤ ስለ ሞተር የሚለውን ሁሉ ታምናለች። ምናልባት አልቅሳ ደረቱ ላይ ትወድቃለች። ሚሊ ያንን ቃል አየው፤ መኖሪያ ቤት የሚያህል ሰፊ ነበር።

"ይችል ነበር" አላት። "ቀኑን ሙሉ ይችል ነበር። ለክቼዋለሁ።"

ዓይኗን ጨፈነች።

"ታዲያ ለምን?"

ነጩን ሞላ ጨርቁ ላይ አስቀመጠ።

"ፈርተህልኝ ነው? ፈርቼልሽ ነበር በለኝ! ልጅ ናት፣ ትፈጥናለች፣ አታውቅም ብለህ ነው?"

የሽማግሌው ኮፍያ፣ በእጃቸው ላይ ሲሽከረከር ታየው። እሷ ብቻ ናት የቀረችኝ ሲሉ ሰማ። እሷስ? ለእሷስ ማን ቀራት?

"አባቴ አይወድህም" አለች። "ፊት ለፊት ነው የነገረኝ። ስለ አንተ ስንት ጊዜ ተጣላሁት! ግን አባቴ ዋሽቶኝ አያውቅም። የጠላውን ጠላሁት፣ የፈራውን ፈራሁት ይለኛል። አንተ ግን፣ ልኩን የምትነግረኝ አንተ . . ." ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። "ከሰው ሁሉ መርጬ አንተን አመንኩ።"

ሚሊ አፉን ከፈተ። የሽማግሌውን ስም ሊጠራ ከንፈሩ ተንቀሳቅሷል። ከዚያ ፊቷን አየው፤ ለመቆም የተደገፈችበት የመጨረሻው ግድግዳ ያ አባት መሆኑን አየ። አፉን ዘጋ።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አለ። "እጄ ነው የገጠመው።"

እውነት ነበር፤ እና እንደዚያን ያህል ባዶ የሆነ እውነት ተናግሮ አያውቅም።

*

"ቀዩን ግጠምልኝ" አለች በመጨረሻ። "ሸለቆው ውስጥ አሁንም ነፍሰ ጡሮች አሉ።"

ገጠመው። ብሎኖቹን በልካቸው አጠበቀ፤ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ጎተተ፤ የዘይቱን መስመር በጣቱ ዳሰሰ። ከዚያ መሞከር ስላለበት አብረው ወጡ። እሷ ነዳች፣ እሱ ከጎኗ ተቀመጠ። በሜዳው መንገድ ላይ ረገጠቻት። ፉጨቱ ተነሣ፤ መርፌዋ አራትን አልፋ፣ አምስትን አልፋ፣ ስድስት ላይ ረጋች። ያን ጊዜ ሁለቱም ጌጇን አዩ። የዛሬ ወር ግድም በዚሁ መንገድ ላይ እንደ ሕፃን የሳቀችው ሴት አሁን እንባዋን ሳትጠርግ ትነዳ ነበር። እሱም አልጠረገላትም። ሁሉም ቁጥር ልክ ነበር።

ጋራዡ ሲደርሱ እሱ ወርዶ ከፊት ቆመ፤ የሚፈስ ነገር እንዳለ ለማየት ሞተሩ መጥፋት አለበት። አዋላጇ ግን አላጠፋችም። ሕጉን አከበረች። መስኮቱ እስከ ላይ ተዘግቶ፣ ሁለት እጇ መሪው ላይ ሆኖ፣ ፊት ለፊቷን እያየች ጠበቀች። በፊት መስታወቱ ላይ የጣሪያው መብራት ስላረፈ ፊቷ በደንብ አይታይም ነበር። ሚሊ በሩ አጠገብ፣ ሁልጊዜ የሚቆምበት ቦታ ሄዶ ቆመ። መስታወቱ በመካከላቸው ነው። ሞተሩ ተንተከተከ። ዓለም ላይ ካሉ ሁለት ደቂቃዎች ሁሉ ይህኛው እንዳያልቅ ተመኘ፤ ስታጠፋው የሚሆነውን ያውቃልና።

አጠፋችው። አየ፤ ምንም የሚፈስ የለም። ኮፋኖውን ዘጋ። እንደገና አስነሣችና ወጣች። መስኮቱ አልወረደም።

ፉጨቱን እስከ መታጠፊያው፣ ከመታጠፊያውም በኋላ ሰማው። ጥሩ ሥራ ነበር። ከእንግዲህ ዳገቱን በአርባ አንድ ደቂቃ ትወጣዋለች፤ ወደ እሱ የምትወርድበት መንገድ ግን የለም።

*

ሰኞ ጠዋት፣ ላሜራ ገና ቱታውን ሳይለብስ፣ ሽማግሌው በሩ ላይ ቆመው ነበር። ሚሊ ከመኪና ሥር ወጣና ተነሣ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ያረጁ መሰለው።

"ነግራኛለች" አሉ። "ሕፃኑን። ያንተንም ነገር፣ በቃ አለች። አልቅሳ አልቅሳ ትናንት ተመለሰች።" ወደ ኋላቸው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "የኔን . . . የኔን ስም አነሣህ?"

"አላነሣሁም።"

"ምንም?"

"ምንም።"

"ለምን?"

"እርስዎ ብቻ ነዎት የቀሯት።"

ሽማግሌው በሩን ተደገፉ። ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ፤ ዓይናቸው ሞላ። ግን ሚሊ መለካት የሚያውቅ ሰው ነው፤ ያየውን ነገር ስሙን ሳይቀይር ያውቀዋል። እንባው ከመምጣቱ በፊት፣ ለአንዲት ቅጽበት፣ በዚያ ፊት ላይ ያለፈው ሐዘን አልነበረም። እፎይታ ነበር።

"እነግራታለሁ" አሉ። "አንድ ቀን እኔው ራሴ . . ."

"አይንገሯት" አለ ሚሊ። ደክሞት ነበር። "ነግረዋት ምን ይተርፋታል?"

እንደማይነግሯት ሁለቱም አውቀዋል። ሽማግሌው አንድ እርምጃ ቀረቡ፤ እጃቸው ተነሣ፣ ወደዚያው ትከሻ።

"ልጄ . . ."

ሚሊ ወደ ኋላ አለ።

"እንደዚያ አይበሉኝ፣ ጌታዬ" አለ፤ ድምፁን ሳያነሣ፣ በአክብሮት። "አንድ ጊዜ ብለውኝ ያደረግኩትን አይተዋል።"

የሽማግሌው እጅ አየር ላይ ቀረ፤ ከዚያ ወደ ኮፍያቸው ወረደ። ሲሄዱ የእግራቸው ድምፅ አልተሰማም።

ላሜራ ቱታውን እየቆለፈ መጣ። ነገሩን ሁሉ ባያውቅም የጓደኛውን ፊት አየና ቀልዱን ዋጠው። "ና ባክህ፣ የቅዳሜዋን መኪና ካርድ ሙላና እንዝጋው" አለ ብቻ፤ ሥራ ያጽናናዋል ብሎ።

ሚሊ አዲሱን ካርድ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። "የወጣ ዕቃ" በሚለው ሥር "ነጭ ሞላ" ብሎ ጻፈ። "የገባ ዕቃ" በሚለው ሥር "ቀይ ሞላ" ብሎ ጻፈ። ግርጌው ላይ ያለው "አስተያየት" ቦታ ነጭ ነበር፤ ምንም አልጻፈችበትም። ከእሱ በላይ አንድ መስመር ቀርቷል። "ምክንያት" ይላል።

እስክሪብቶውን ያዘ። ትንፋሹን ያዘ።

ላሜራ ቆሞ ጠበቀው። ሁለት ደቂቃ ያህል።